በኮረኮንች መንገድ ላይ የፒካፕ ካሶኒ ሲንዘፈዘፍና ሲጠማዘዝ፦ የትኛው ጤና ነው፣ የትኛው ብልሽት?

ጥያቄ፦ መስታወት ገጣሚ (ቱሉ ዲምቱ)

ጤና ይስጥልኝ። የምተዳደረው በአልሙኒየም በርና መስኮት ሥራ ነው። ከወርክሾፕ የሚወጣውን መስታወትና ፍሬም ለደንበኛ የማደርሰው በደብል ጋቢና ፒካፕ ሲሆን፣ ደንበኞቼ በአብዛኛው ኮዬ ፈጬ፣ ገላንና አቃቂ አካባቢ ቤታቸውን ገና በማጠናቀቅ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከዋናው አስፋልት ከወረድኩ በኋላ የሚጠብቀኝ መጀመሪያ ኮብልስቶን፣ ቀጥሎ ገረጋንቲ የተደፋበት ፒስታ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ክረምቱ የቆፈረው መረሬ ነው።

የቸገረኝ የካሶኒው ነገር ነው። ባዶውን ፒስታ ላይ ስነዳው ከዳር እስከ ዳር ይንዘፈዘፋል፤ የኋላ ስፖንዳውም (የካሶኒው መዝጊያ) ሳያቋርጥ ይንኳኳል። ስጭነው መንዘፍዘፉ ይቀንስና ሌላ ነገር ይመጣል። ከመንገድ ወደ ግቢ ስገባ የውሃ መውረጃ ቦዩን በሰያፍ መሻገር ግድ ስለሚሆንብኝ፣ አንዱ የፊት ጎማ ቦይ ውስጥ ሲወርድ በስፖኪዮ የማየው ጋቢናው ወደ አንድ ጎን፣ ካሶኒው ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ሲያዘነብል ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ቅርጹ ይለወጥና ጎማው ሲወጣ ይመለሳል።

መስታወቱን የምደግፍበት በካሬ ቱቦላሬ የተበየደ ማቆሚያ አለኝ። ታች በካሶኒው ወለል አራት ማዕዘናት ላይ በብሎን የታሰረ ሲሆን፣ ላይኛው ጫፉ ጋቢናው ጣሪያ ላይ ካለው ፖርቶመጋላ ጋር ተያይዟል። መስታወት የሚሰነጠቅብኝ ብዙ ጊዜ ከታችኛው ጠርዝ ተነስቶ ሲሆን፣ የሚገርመው ደግሞ በፍጥነት በምሄድበት ፒስታ ላይ ሳይሆን በዝግታ በምገባበት የግቢ በር ላይ መሆኑ ነው።

አንድ ጋራዥ ካሶኒውን ከሻንሲው ጋር በብየዳ እንዳያይዘው መከረኝ፤ ሌላው ደግሞ ባሌስትራው (ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራው የኋላ ስፕሪንግ) ላይ አንድ ቅጠል ልጨምርልህ አለኝ። ሁለቱንም ከማድረጌ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው። ይህ መጠማዘዝ የመኪናው ተፈጥሮ ነው ወይስ ሻንሲው ደክሟል? መስታወቱንስ እንዴት ባደርገው በሰላም ይደርሳል?

መልስ 1፦ ጡረተኛ መካኒክ (ቃሊቲ)

ወንድሜ፣ ብየዳውን ተወው። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ያየኸው ነገር ምን እንደሆነ እንግባባ።

የፒካፕ ጋቢናና ካሶኒ ተለያይተው የተሠሩት ሆን ተብሎ ነው። ሁለቱም የተቀመጡበት ሻንሲ ሁለት ረጃጅም ብረቶችና እነሱን የሚያያይዙ መስቀለኛ ብረቶች ያሉት የመሰላል ቅርጽ ያለው አካል ነው። አንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ ሲወርድ የፊተኛው አክስል ወደ አንድ ወገን፣ የኋለኛው ወደ ሌላ ወገን ያዘነብላል፤ ባሌስትራው ልዩነቱን ሁሉ መዋጥ ስለማይችል የቀረውን ሻንሲው በመጠማዘዝ ይቀበለዋል። ጋቢናና ካሶኒ አንድ ወጥ ላሜራ ቢሆኑ ኖሮ ይህን መጠማዘዝ የሚሸከመው ላሜራው ይሆንና በጊዜ ብዛት ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቅ ነበር። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የተተወው ለዚህ ነው። ስለዚህ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ሲቆም የግራውና የቀኙ ክፍተት እኩል ከሆነ፣ ቦይ ስትሻገርም ብረት ከብረት ካልተነካካ፣ በስፖኪዮ ያየኸው ነገር ጤና ነው።

ጤና ያልሆነው መላላት ነው። መላላትን የምታገኘው ደግሞ ካሶኒው ሥር ገብተህ በባትሪ መብራት ስትመለከት ነው። መጀመሪያ ጭቃውን በውሃ እጠበውና ይድረቅ፤ የኛ አገር መረሬ ከደረቀ በኋላ ስንጥቅንም የላላ ብሎንንም ደብቆ የማስቀመጥ ጠባይ አለው። ቀጥሎ ካሶኒውን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች አንድ በአንድ እያቸው፤ እንደ ሞዴሉ ብዙውን ጊዜ 6 ወይም 8 ናቸው። በብሎኑ ራስ ወይም በሮንዴላው ዙሪያ ቡናማ ቀይ የሆነ ደቃቅ ዱቄት፣ ከዱቄቱ አጠገብም የሚያብለጨልጭ የተፋቀ ብረት ካየህ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሁለቱ ብረቶች ሲፋተጉ ከርመዋል ማለት ነው። ተራ ዝገት ግን እንዲህ የሚያብለጨልጭ ጠርዝ የለውም። በብሎኑ መካከል ጎሚኒ (ምት የሚውጥ ላስቲክ) ያለው ሞዴል ከሆነ ጎሚኒው ተጨፍልቆ ወይም ተቆራርጦ እንደሆነ ተመልከት።

ብሎን የምትቀይር ከሆነ ራሱ ላይ የተጻፈውን የጥንካሬ ቁጥር አይተህ እኩሉን ግዛ። 10.9 የሚል ብሎን አውጥተህ በርካሽ ለስላሳ ብሎን ከተካኸው ስታጠብቀው ይሳባል፣ ከሳምንታት በኋላም ይላላል። ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ በጉልበት ማጥበቅም ያው ጉዳት ነው፤ የማጥበቂያው ልክ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ ስላለ ልኩን የሚያሳይ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ፈልግ።

እዚያው ሥር እንዳለህ ሁለት ሦስት ነገር ጨምረህ እይ። ትርፍ ጎማው የተንጠለጠለበት ሰንሰለት ከላላ ካሶኒውን ከታች እየመታ ያላወቀን ሰው ሻንሲ ተሰበረ ያሰኛል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች፣ የባሌስትራው ጆሮ ጎሚኒዎችና የሾክ አብዞርበሮቹ ሁኔታም መታየት አለበት። ሾኩ ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ይዞ ከሆነ ሥራውን አቁሟል። የኋላ ስፖንዳው መንኳኳት ግን ቀላል ነገር ነው፤ ማረፊያ ላስቲኮቹን ቀይረህ መቆለፊያውን ወደ ውስጥ ብታስተካክለው ይጠፋል።

አሁን ወደ ብየዳው። ሻንሲ ላይ የሚሠራ ብየዳ ብረቱን በሙቀቱ ዙሪያ ጠባዩን ይለውጠዋል፣ ስንጥቅም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። መንቀሳቀስ የነበረበት ቦታ ስለታሰረም መጠማዘዙ አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ደካማ ቦታ ይሄዳል እንጂ። የነዳጅ ታንከሩ፣ የፍሬን ቱቦውና የኤሌክትሪክ ሽቦው የሚያልፉት እዚያው አጠገብ መሆኑን ደግሞ በያጁ ራሱ ሊነግርህ በተገባ ነበር።

ስለ ባሌስትራ ቅጠል የሚሉህም ባዶ ሲሆን ይንዘፈዘፋል ላልከው ችግር ተቃራኒ መድኃኒት ነው። ባሌስትራው የተሠራው ሙሉ ጭነት እንዲሸከም ስለሆነ ባዶ ሲሆን ከመታጠፍ ይልቅ የመንገዱን ምት እንዳለ ወደ ሻንሲው ያሳልፈዋል። ቅጠል ስትጨምርበት ይብስበታል። ባሌስትራው ጠፍጥፎ ወይም ወደ ኋላ ታጥፎ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀየረው ሙሉው ነው፣ ግራና ቀኙም አብሮ።

መልስ 2፦ የሰበታ ሹፌር

ጋሼ ያሉትን አከብራለሁ፤ ሆኖም እኔ አሮጌ ፒካፔን በአራት ቦታ አስበይጄው ስንት ዘመን ሠርቼበታለሁ፣ ምንም አልሆነም። ባዶ ሲሆን የሚያስቸግር ከሆነ ሁለት ከረጢት አሸዋ አክስሉ ላይ ጣል ማድረግ ብቻ ነው። ሁሉን ነገር መጽሐፍ አይፈታውም። የአይሱዙዎቹም ካሶኒ ቢሆን እኮ ጠፍሮ የታሰረ ነው፣ ማንም ሲንቀሳቀስ አላየሁም።

መልስ 3፦ ጡረተኛ መካኒክ (ቃሊቲ)

የአይሱዙውን ነገር ስላነሳኸው ጥሩ ነው። የጭነት መኪና ካሶኒ ሲገጠም ካሶኒው ከሻንሲው ጋር በቀጥታ ብረት ለብረት እንዳይገናኝ በመካከል ጠንካራ እንጨት ይነጠፍና በዩ ቅርጽ ብሎን ይታሰራል። እንጨቱ እዚያ የገባው ሻንሲው ሲጠማዘዝ ትንሽ እንዲፈቅድለት፣ ፍትጊያውንም እንዲውጥ ነው። ተጠፍሮ የታሰረ የመሰለህ ነገር ቦታ ተትቶለታል ማለት ነው። የአንተ ፒካፕ በአስፋልት የሚውል ከሆነ ብየዳው ሳይናገር ሊቆይ ይችላል፤ የጠያቂያችን መኪና ግን ቀኑን ሙሉ በቦይ ላይ የሚሻገር ነው።

የአሸዋው ከረጢት መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ ከታሰረ። ያልታሰረ ከረጢት ፍሬን ሲያዝ ወደ ጋቢናው የሚመጣ ጭነት ነው።

መልስ 4፦ እንቁላል አመላላሽ (ለገጣፎ)

እኔ የምጭነው እንቁላል ስለሆነ ስለ መንዘፍዘፍ ብዙ ተምሬበታለሁ ማለት እችላለሁ። ጠያቂው ያላነሱት ነገር የጎማ ንፋስ ነው። ጎሚስታዎቻችን ፒካፕ ሲያዩ ጭነት አለ ብለው የኋላውን ጎማ እስኪደነድን ይሞሉታል፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ ማንም አያስተነፍሰውም። በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ በብዙ መኪኖች ለባዶና ለሙሉ ጭነት የተለያየ ልክ ይሰጣል። እሱን ተከትዬ ባዶ በምመለስበት ጊዜ ንፋሱን ዝቅ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ከሰንዳፋ እስከ ለገጣፎ ያለውን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ስመላለስ መኪናው ሌላ መኪና ሆኗል። ዝቅ ሲባል ግን ሠንጠረዡ ከሚለው በታች አይደለም፤ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲኬድ ጎማው ይግላል። ስጭን ደግሞ መልሼ አስሞላለሁ።

መልስ 5፦ የሜካኒክስ መምህርት (አያት)

ጥያቄው ውስጥ ሦስት የተለያዩ መንገዶች አሉ፤ ሦስቱም መኪናውን የሚያናውጡበት መንገድ ለየቅል ነው። እነሱን መለየት የመስታወቱን ምሥጢር ይፈታዋል ብዬ አምናለሁ።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስንነዳ በአንድ ሰከንድ 8.3 ሜትር ያህል እንሄዳለን። የኮብልስቶን ድንጋይ ወርድ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ ጎማው በሰከንድ ከ80 ጊዜ በላይ ይመታል። ይህ በጣም ፈጣንና ትንሽ ምት ስለሆነ አብዛኛውን ጎማውና ጎሚኒዎቹ ይውጡታል፤ የሚተርፈው ጆሮ የሚያሰለች መንጫጫት ነው፣ የላላ ስፖንዳና የላላ ሮንዴላ ሁሉ በዚህ ጊዜ ይናገራል።

ፒስታው ግን ሌላ ነው። የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ደረቅ ሲሆንና መኪና ሲበዛበት ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር የተሻገረ ሽብሽብ ያበጃል። በሁለት ሽብሽቦች መካከል ያለው ርቀት 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዚያው በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎማው በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ይነሣል። እዚህ ላይ ነው ጉዱ ያለው፤ የፒካፕ የኋላ አክስል ከጎማውና ከቸርኬው ጋር ሆኖ ሲነጥር የራሱ ተፈጥሯዊ ምት በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ባለው ክልል ውስጥ ነውና። የመንገዱ ምትና የአክስሉ ምት ሲገጣጠሙ እያንዳንዱ ምት ከፊተኛው ላይ እየተደመረ አክስሉ ይዘልላል፤ ሻንሲውና ባዶው ካሶኒም ተከትለው ይንዘፈዘፋሉ። ጠያቂው ባዶውን ስነዳው ያሉት ይህን ይመስለኛል። ይህን ዝላይ በዋናነት የሚያስቆመው ሾክ አብዞርበሩ ነው፤ ጋሼ በዘይት የራሰ ሾክ ፈልግ ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በብዙ ፒካፖች አንደኛው የኋላ ሾክ ከአክስሉ ፊት፣ ሌላኛው ከአክስሉ ኋላ ያዘነበለ ሆኖ የሚገጠመውም አክስሉ በባሌስትራው ላይ እየተገለባበጠ እንዳይዘል ለመያዝ ነው፤ አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ወገን ላሰልፋቸው ቢልዎ አይፍቀዱለት።

ፍጥነትን ወደ 15 ኪሎ ሜትር ዝቅ ማድረግ ምቱን ወደ 6 ስለሚያወርደው ከአክስሉ ምት ይርቃል። በተቃራኒው 60 እና 70 መንዳትም መኪናውን የተንሳፈፈ ያስመስለዋል፣ ብዙ ሹፌሮችም ይህን መንገድ ይመርጣሉ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ጎማው መሬቱን የሚነካው ከሽብሽቡ ጫፍ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ ፍሬንም መሪም ይከዳል። በኮዬ ፈጬ ዙሪያ ከብትና ተማሪ በሚሻገርበት መንገድ ላይ ይህን አልመክርም።

ሦስተኛው የግቢው በር ነው። እዚያ ምት የለም፣ ቀስ ያለ መጠማዘዝ ነው ያለው። መስታወቱ የተሰነጠቀው በዚያ ቦታ መሆኑም መስታወት ገዳዩ መንቀጥቀጡ ሳይሆን መጠማዘዙ እንደሆነ ያመለክታል። በሙያዎ የሚያውቁትን ነገር ልጥቀስ፦ ዝግ የሆነ የአልሙኒየም ፕሮፋይል በሁለት እጅ ይዘው ቢጠመዝዙት አይበገርም፤ ያንኑ ፕሮፋይል ከጫፍ እስከ ጫፍ በመጋዝ ቢሰነጥቁት ግን በእጅዎ ላይ ይዞራል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር፣ ጎኑ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬ ቱቦ ላይ ቢሰላ በዚህ ስንጥቅ ብቻ መጠማዘዝን የመቋቋም አቅሙ 500 እጥፍ ገደማ ይወርዳል። በሻንሲም ላይ እንዲሁ ነው፤ በአንድ በኩል ክፍት የሆነ ሻንሲ ይበልጥ ይጠማዘዛል፣ በአራቱም ጎን የተዘጋው ይበልጥ ይገትራል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ረጅም ክርክር ነበር፤ ፎርድ በ2004 ሞዴሉ ኤፍ 150 ሙሉ በሙሉ ዝግ ሻንሲ ሲያደርግ፣ ቶዮታ በ2007ቱ ቱንድራ የኋላውን ክፍል ክፍት አድርጎ ነበር የሠራው፤ በ2022 ሞዴል ግን እሱም ሙሉ በሙሉ ዝግ አደረገው። ክፍቱ ለመንገድ የሚፈቅድ ነው፣ ዝጉ ካሶኒውን የሚያረጋጋ ነው፤ ሁለቱም የራሳቸው ዋጋ አላቸው።

የእርስዎ ማቆሚያ ከዝግ ቱቦላሬ የተሠራ ስለሆነ ከካሶኒው የበለጠ ግትር ነው። በአራት ማዕዘን ታስሮ፣ በላዩም ከጋቢናው ጋር ሲያያዝ፣ ሻንሲው በተጠማዘዘ ቁጥር ሁለቱ አካላት መካከል ገብቶ ያንን ሁሉ ኃይል ይቀበላል፤ ከዚያም ለመስታወቱ ያስረክበዋል። መጀመሪያ የሚደረገው ከፖርቶመጋላው ጋር ያለውን ማያያዣ መፍታት ነው። ጋቢናና ካሶኒን የሚያገናኝ ማንኛውም ብረት ከሁለት አንዱን መጉዳቱ አይቀርም።

ጠያቂው፦ መስታወት ገጣሚ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካሶኒውን አሳጥቤ ከሥር አየሁት። በግራ በኩል የፊተኛው ብሎን ዙሪያ ጋሼ የገለጹት ቀይ ዱቄት ነበረ፤ ጎሚኒውም እንደ ወረቀት ሳስቷል። ከኋላ ሾኮች አንዱ ዘይት አፍስሷል። የትርፍ ጎማው ሰንሰለት እጅ ሲነካው ይወዛወዛል። ሻንሲው ላይ ስንጥቅ አላየሁም፤ የካሶኒው ወለል ግን በግራ የጎማ መሸፈኛ ማዕዘን ላይ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። ከጋቢናው ጋር ያለውን ማያያዣ ፈትቼዋለሁ፤ በር ላይ ስገባ ይሰማ የነበረው የብረት ማቃሰት በዚያው ጠፋ፣ የሚንኳኳው ግን ገና ነው።

የቀሩኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ያቺን ስንጥቅ ምን ላድርጋት? ማቆሚያውንስ እንዴት እንደገና ላሠራው?

መልስ 6፦ ጡረተኛ መካኒክ (ቃሊቲ)

ስንጥቋ የወለል ላሜራ ላይ ስለሆነች አትደንግጥ። ባትላሜራው ከመበየዱ በፊት የስንጥቋን ሁለቱንም ጫፎች በደንብ አጽድቶ ያግኝ፣ እያንዳንዱ ጫፍ ላይም 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይብሳ። ቀዳዳው የሹሉን ጫፍ ስለሚያጠፋው ስንጥቁ ወደፊት መሄዱን ያቆማል፤ ያለዚያ ብየዳው አጠገብ እንደገና ይቀጥላል። ከመበየዱ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ ከሥር ያለውም የነዳጅ መስመር ይታይ። ብሎኑና ጎሚኒው ግን መጀመሪያ ይቀየር፤ ስንጥቋን ያመጣት እሱ ነውና በላላ ብሎን ላይ ላሜራ ማስበየድ ገንዘብ መጣል ነው። ሾኮቹን ሁለቱንም ቀይር።

መልስ 7፦ የሜካኒክስ መምህርት (አያት)

ማቆሚያው ካሶኒውን በሦስት ነጥብ ብቻ ይንካው። ከኋላ በኩል ሁለት፣ በተቻለ መጠን ተራርቀው፤ ከፊት በኩል አንድ፣ ልክ መሐል ላይ፣ እሱም ግራና ቀኝ መወዛወዝ እንዲችል ሆኖ። በሦስት እግር የቆመ ነገር ወለሉ ቢጠማዘዝም አብሮ ያዘነብላል እንጂ አይጠማዘዝም። ለፊተኛው ነጥብ የባሌስትራ ጆሮ ጎሚኒ ከነብረት ቱቦው በቂ ነው፤ ብሎኑ በመኪናው ርዝመት አቅጣጫ ያልፋል። ሦስቱም ነጥቦች የወለሉ ላሜራ ላይ ብቻ ማረፍ የለባቸውም፤ ከሥሩ ያሉት መስቀለኛ ብረቶች ላይ እንዲያርፉ ቦታቸውን ከሥር ሆነው ይለኩ።

ፊት ላይ የጎን ድጋፍ ስለማይኖር ማቆሚያው እንዳይዘም የሚይዙት የኋላ ሁለቱ እግሮች ናቸው፤ ሰፋ ብለው በሰያፍ ብረት መደገፍ ያስፈልጋቸዋል። ክብደቱንም አቅልለው አይዩት። መስታወት በአንድ ሜትር ካሬ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ስለሚመዝን ባለ 6 ሚሊው 15 ኪሎ ነው፤ 20 ሜትር ካሬ ከጫኑ 300 ኪሎ በላይኛው የካሶኒ ክፍል ቆሟል ማለት ነው። በአንድ ጎን ብቻ ደርድረው ሲሄዱ ሻንሲው ገና መንገድ ሳይጀምር ተጣሞ ነው የሚነሣው። በሁለቱም ጎን እኩል ይደርድሩ። የደብል ጋቢና ካሶኒ አጭር ከመሆኑም በላይ ጥሩ ድርሻው ከኋላ አክስል ወደ ኋላ የሚያልፍ ስለሆነ ከባዱን ወደ ጋቢናው ግድግዳ ያስጠጉ። የኋላ ስፖንዳውን የሚቻል ከሆነ ዘግተው ይንዱ፤ ሲከፈት የጎን ስፖንዳዎቹ ጫፍ ያለ ማያያዣ ስለሚቀር የካሶኒው ግትርነት ይቀንሳል።

መስታወቱ ከታች የሚያርፍበትን ነገር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በመስኮት ፍሬም ውስጥ ከእያንዳንዱ ጫፍ ርዝመቱን አንድ አራተኛ ያህል ገባ ብሎ በሁለት ጠንካራ ላስቲክ ላይ እንደሚቀመጠው ሁሉ፣ ማቆሚያው ላይም እንዲሁ ይሁን። ወጥ ብረት ላይ ካረፈ አንዲት የጠጠር ቅንጣት ብትገባ የታችኛውን ጠርዝ ትጭረዋለች፤ የተጫረ ጠርዝ ደግሞ ትንሽ ሲታጠፍ ከዚያች ጭረት ይሰነጠቃል። በጠባብ ገመድ ሲያስሩም መስታወቱን ከማቆሚያው ጋር ብቻ ይሰሩት፤ ገመዱ ወደ ካሶኒው ስፖንዳ ከተሳበ አራተኛ እግር ሆነ ማለት ነው፣ የሦስቱ ነጥብ ጥቅምም ይጠፋል።

ጠያቂው፦ መስታወት ገጣሚ

ገብቶኛል፤ ገመዱን እስከ ዛሬ ወደ ስፖንዳው ቀለበት ነበር የምስበው። ጋሼን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የፊተኛው ጎሚኒ ብሎን እንዲወዛወዝ ካስፈለገ ዳዶውን ላላ አድርጌ ልተወው?

መልስ 8፦ ጡረተኛ መካኒክ (ቃሊቲ)

አትተወው። የሚወዛወዘው ጎሚኒው ነው እንጂ ብሎኑ አይደለም። ብሎኑ የጎሚኒውን የውስጥ ቱቦ ከሁለቱ ጆሮዎች መካከል አጥብቆ መያዝ አለበት፣ ላስቲኩ ደግሞ በቱቦው ዙሪያ ይዞራል፤ ላላ ብለህ ከተውከው ቀዳዳውን አስፍቶ ያንኑ ቀይ ዱቄት እንደገና ታየዋለህ። ውስጡ ፕላስቲክ ያለውን ዳዶ ተጠቀም፣ በንዝረት አይፈታም። ስታጠብቀውም ማቆሚያው ባዶ ሆኖ፣ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ይሁን፤ ጎሚኒው ተጣሞ እንዳለ ከታሰረ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ከመጀመሪያው ጭነት ስትመለስ ሦስቱንም ዳዶዎች በቁልፍ ሞክራቸው፣ አዲስ ላስቲክ ሲቀመጥ ትንሽ መላላቱ አይቀርም።